የገና ገበያና የቤት ዕቃ ሱቅ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

የመጋላዋ፦ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ የቤት ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። በየቀኑ በግል የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ዛሬ ኅዳር 20 ቀን 2018 ነው፤ ገና 39 ቀን ቀርቶታል። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። ከታኅሣሥ 10 በኋላ አዲስ ዕቃ አትግዙ። ያለ ደረሰኝ ዕቃ አትጫኑ።

የሳቢያን እናት፦ እትዬ እንደምን ከረምሽ። ሳቢያን ጠባብ ሱቅ ከፍቻለሁ፣ ይህ የመጀመሪያ ገናዬ ነው። ምን ላስገባ?

የመጋላዋ፦ እግዜር ይመስገን የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ገናን እንደ አንድ ቀን አትቁጠሪው። በእኛ አገር ሦስት ገበያ ተከታትሎ ይመጣል፣ ዕቃውም ይለያያል።

መጀመሪያ ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ታኅሣሥ 19። ከሩቅ የሚመጣው ምዕመን ድሬ ዘመድ ቤት ያርፋል፤ ስለዚህ የሚፈለገው የእንግዳ ዕቃ ነው። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ትልቅ ፔርሙስ፣ የእጅ ማስታጠቢያ። ይህ ገበያ ከታኅሣሥ 12 ጀምሮ ይሞቅና 18 ማታ ያበቃል።

ሁለተኛው ራሱ ገና ነው። እሱ የድስት ገበያ ነው። ዶሮ የምትሠራ እናት ሽንኩርቱ እንዳያርርባት ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ትፈልጋለች፤ ቀጭኑን በጣቷ መታ አድርጋ ትመልስልሻለች። ቅርጫ የሚገባ ቤት ደግሞ ቢላዋ፣ መክተፊያና ሰፊ ሳፋ ይገዛል።

ሦስተኛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ገበያ ነው። ዘንድሮ ጾሙ የካቲት 9 ስለሚገባ ጊዜው አጭር ነው። ስጦታ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ከነሳጥኑ ስለሚሰጥ ሳጥኑ የተጨማደደ ዕቃ አይነካም። ረመዳንም እንደ ጨረቃዋ የካቲት 11 አካባቢ ይገባል። ድሬ ላይ ሱቅ ከፍተሽ የሙስሊሙን ወር ካልቆጠርሽ ገበያሽን በግማሹ ነው ያየሽው። ከገና የተረፈ ጆግ፣ ፔርሙስና የሾርባ ሳህን ለማፍጠሪያ ይፈለጋል።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ስታነሺ «ገና ቢያልፍ ማን ይገዛኛል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካላገኘሽ መልሰሽ አስቀምጪው።

ባለ ባጃጁ፦ ባለቤቴ አሸዋ ገበያ ትነግዳለች። ገበያው የሚደምቀው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፤ በ10 ለምን እናቁም?

የመጋላዋ፦ በ2009 ዓ.ም. ያገኘኝን ልንገርህ። ገበያው ደምቋል ብዬ ታኅሣሥ 21 ቀን 30 ካርቶን ሳህን ከመርካቶ አስጫንኩ። ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ የገና ዛፍ የታተመበት። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ታኅሣሥ 27 ማታ ደረሰልኝ። ሁለት ቀን ሸጥኩ። ከዚያ ዛፍ ያለበትን ሳህን ለሠርግ የሚሰጥ የለም፤ ለረመዳንም የሚገዛ የለም። ሦስት ዓመት የሱቄን ጀርባ ይዞ ተቀመጠ፣ ኪራዩን እኔ እየከፈልኩለት። የዚያን ዓመት የጥር ዕቁቤን ተበድሬ ነው የጣልኩት። ከታኅሣሥ 10 በኋላ ያለህን ሽጥ፣ አዲስ አትጫን።

የከዚራ ልጅ፦ ፍንጃል ሳስመጣ ሁሌ ይሰበርብኛል። አሻሻጡን አውቃለሁ፣ ትርፉ ግን አይታየኝም። ምን ላድርግ?

የመጋላዋ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በፍንጃል ብዙው ሰው የሚከስረው ዕቃውን ሲረከብ ነው።

ካርቶኑ ሲመጣ መጀመሪያ የታችኛውን ማዕዘን እይ። ረጥቦ የደረቀ ካርቶን ቡናማ መስመር ይተዋል። እሱ ካርቶን ጉልበቱ አልቋል፤ ከላዩ የተደረደረው ሁሉ ፍንጃሉን ተጭኖታል። ቀጥለህ በሁለት እጅህ አንስተህ ቀስ ብለህ ወዝውዘው። ስባሪ ካለበት እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ዝም ካለም አትመነው፣ ክፈተው። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንዳንድ ሳጥን አውጣ። ፍንጃሉን መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ አፉን በጥፍርህ መታ አድርገው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ትንሽ ይቆያል። የተሰነጠቀው ዱብ ብሎ ይቀራል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ትኩስ ቡና ሲገባበት ይከፈትና እንግዳ ፊት ረከቦት ላይ ይፈሳል። ያቺ ሴት ሁለተኛ ደጅህን አትረግጥም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለስሌት ያህል 12 ሳጥን፣ በየሳጥኑ 6 ፍንጃል ያለበትን ካርቶን በ6,000 ብር ገዛህ እንበል፤ ለጭነትና ለተሸካሚ 300 ብር ከፈልህ። ብዙው ሰው 6,300ን ለ12 ያካፍልና «ሳጥኑ 525 ብር ወጣብኝ» ይላል። አምስት ፍንጃል ከተሰበረ ግን የቀረህ 67 ነው። ከእሱ የሚወጣው 11 ሙሉ ሳጥንና አንድ ነጠላ ፍንጃል ነው። እንግዲህ ሳጥኑ የወጣብህ 573 ብር ነው። በ560 እየሸጥህ ትርፉ አልታየኝም ብትል እውነትህን ነው፤ የለማ።

ነጠላዎቹን ደግሞ እንዳትጥል። እኔ በር ላይ በቅርጫት አስቀምጣቸዋለሁ። ከስድስቱ አንዱ የተሰበረባት እናት ከፊራ ገበያን ዞራ ዞራ፣ የቤቷን ፍንጃል በነጠላዋ ጠቅልላ ትመጣለች። ከቅርጫቱ እያነሳች ጎን ለጎን አድርጋ ታስተያያለች፤ መልኩን፣ የአፉን ወርቅ መስመር፣ ቁመቱን። አግኝታ ስትሄድ ደስታዋን ብታየው! የገና ድስቷንም የምትገዛው ከእኔ ነው።

ሐረር ጀጎል፦ እኛ ጋ ዋናው የግድግዳ ዕቃ ነው። የሐረሪ ቤት ግድግዳው በሳህንና በስፌት ካልደመቀ ቤት አይባልም። የድሮው የቆርቆሮ ሳህን ደግሞ የልጅ ልጅ ድረስ ይኖራል። አሁን የሚመጣው ሸክላ ግን ከግድግዳ አንዴ ከወደቀ አለቀ።

የከዚራ ልጅ፦ አቦ፣ ቆርቆሮው ቀለሙ ከተላጠ ይዝጋል። ማን ይበላበታል?

ሐረር ጀጎል፦ ማን ብሉበት አለ? ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው ዋሪያ።

ገንደ ቆሬ፦ እናቴ የተላጠውን ነበር የምትመርጠው፣ የአያቴ ነው ብላ።

የመጋላዋ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የሚሰቀል ሌላ፣ የሚበላበት ሌላ። ወደ ገና እንመለስ።

ከአዲስ አበባ የመጣሁ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቫት ምዝገባና የዓመት ግብሩ እንዴት ነው? ለበዓል የተለየ ነገር አለው?

የመጋላዋ፦ «እርስዎ»ን ተዪው፣ ድሬ ነን። ቫት 15 በመቶ ነው፤ ለበዓል የሚለወጥ ነገር የለውም። ሌላውን የሒሳብ ባለሙያ ጠይቂ። በእኔ ቃል ግብር እንዳትከፍዪ።

ገንደ ቆሬ፦ ለበዓል ምን ዓይነት ዕቃ ይሻላል?

የመጋላዋ፦ ከላይ ለሳቢያን እናት የጻፍኩትን አንብብ።

ገንደ ቆሬ፦ አነበብኩ። ግን በአጠቃላይ ምን ያዋጣል?

የመጋላዋ፦ «በአጠቃላይ» የሚባል ዕቃ ሸጬ አላውቅም። ሱቅህ የት ነው? ደጅህ የሚያልፈው ማን ነው? በእጅህ ስንት ብር አለ? ሦስቱን ጽፈህ ተመለስ።

ነምበር ዋን፦ የዱቤ ነገር አስቸግሮኛል። በበዓል ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ «ደሞዝ ሲገባ» ይላል።

የመጋላዋ፦ ከታኅሣሥ 15 እስከ 29 ዱቤ አልሰጥም። ለማንም።

ባለ ባጃጁ፦ ይህማ ድሬ ላይ አይሠራም። ለጎረቤት ዱቤ የከለከልክ ቀን ሰላምታውም ይቀራል።

ነምበር ዋን፦ አዎ ግን አምና የሰጠሁት እስካሁን አልተመለሰልኝም። ስጠይቀው መንገድ ለወጠብኝ። ገንዘቤንም ጎረቤቴንም አጣሁ።

ባለ ባጃጁ፦ ሰውየውን ሳታውቅ ሰጥተህ ነው። እናቴ ከእነ ሙሉ ቤተሰቡ ሳታውቅ አትሰጥም ነበር።

የሳቢያን እናት፦ እኔ አዲስ ሰፈር ነኝ፣ ማንን አውቄ ነው? እንቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም።

የመጋላዋ፦ የሳቢያን እናት፣ እንቢ እንዳትዪ መውጫ ልስጥሽ። ቀብድ ተቀበዪ። ከኅዳር ጀምሮ በየሳምንቱ የቻሉትን ይክፈሉ፤ አንቺ ድስቱን ስማቸውን ጽፈሽ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጪላቸዋለሽ፣ ከፍለው ሲጨርሱ ይወስዳሉ። እኔ ጋ ዛሬ 14 ድስት ስም ተጽፎበት ተቀምጧል። አንዷ የቀን ሠራተኛ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምታመጣው። ስትመጣ ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች፣ ትስቃለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። ለገና ዶሮዋን በራሷ ድስት ትሠራለች፣ ዕዳም የለባትም። ባለ ባጃጁ፣ እናትህ እውነቷን ነው። የዚያ ዘመን ሰፈር ግን ሁሉም በአባቱ ስም የሚተዋወቅበት ነበር።

የከዚራ ልጅ፦ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ አለ፣ ደረሰኝ ባይኖረውም…

የመጋላዋ፦ መጀመሪያውኑ ጽፌዋለሁ። ያለ ደረሰኝ አትጫኑ። መንገድ ላይ ቢያዝ ወረትህ በአንድ ሌሊት አለቀ፤ ስባሪ ቢወጣበትም ማንን ትጠይቃለህ? በዚህ ላይ ደግሜ አልመልስም።

ከአዲስ አበባ የመጣሁ፦ የገና ዛፍና መብራትስ ያዋጣል?

የመጋላዋ፦ ከታኅሣሥ 29 በኋላ ማን ይገዛሻል? የቀዩን ሳህን ታሪክ አንብቢ።

ነምበር ዋን፦ ዋጋ ልጨምር ወይስ ልተው? አምና በገዛሁበት ብሸጥ ደንበኛ ደስ ይለዋል።

የመጋላዋ፦ ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ አንተ ግን የሸጥኸውን መተካት ያቅትሃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ትናንት በተገዛበት አይገኝም። ዋጋ ከማውጣትህ በፊት ጅምላ ሻጩ ጋ ደውልና ዛሬ ስንት እንደገባ ጠይቅ። በዚያ ላይ ጭነቱንና ስባሪውን ደምር፣ ከዚያ ትርፍህን አስላ። ሰው ሲጨናነቅ ብለህ በዓል ዋዜማ ላይ ግን አትጨምር። ታኅሣሥ 20 ዋጋ ጠይቃ የሄደች ሴት በ28 ትመጣለች፣ የነገርኳትንም አትረሳም።

ባለ ባጃጁ፦ ስለ ቴሌብር አንድ ነገር በይ። ባለቤቴ ስክሪንሾት አሳይተዋት ሁለት ፔርሙስ ወሰዱባት።

የመጋላዋ፦ አዝናለሁ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። በራሷ ስልክ መልእክቱ ሲገባ፣ ቀሪ ሒሳቡም ሲጨምር አይታ ዕቃ ትስጥ። ገናና ቁልቢ ሰሞን ኔትወርክ ሊዘገይ ይችላል፤ ደንበኛው ይቀመጥ፣ ውሃ ይቅረብለት፣ ይጠብቅ። እውነተኛ ከፋይ አይቆጣም።

የሳቢያን እናት፦ እትዬ፣ ዛሬ አንቺ እንዳልሽው ፍንጃል ላይ ካርቶኑ ይከፈት ብል ሻጩ «የተከፈተ ካርቶን ማን ይገዛኛል» ብሎ እንቢ አለኝ።

የመጋላዋ፦ ሌላ ሻጭ ጋ ሂጂ የኔ ልጅ። የሚከፍትልሽ ካጣሽ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ነይ፤ አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ ግን የእኔን ካርቶን አስከፍትሽና ጤነኛውንና የተሰነጠቀውን ድምፅ ለይተሽ ትሰሚያለሽ።