ፒካኑ ለምን መረረ?

ጥያቄ፦ አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ፒካን (ለውዝ መሰል የዛፍ ፍሬ) ገዝቼ በመስታወት ዕቃ ከድኜ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ወር ሽታው ተለወጠ፣ መረረም። ሻጋታ ግን አይታይበትም። ብቆላው ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም፤ ይጣሉት። የተበላሸው ዘይቱ ነው። ከፒካን ክብደት 70 ከመቶ ያህሉ ቅባት ሲሆን፣ አብዛኛው በወይራ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ያልጠገበ የሚባለው ዓይነት ነው። ለልብ የሚመረጠው ይኸው ቅባት ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። የእርስዎን ፒካን ሦስቱም አግኝተውታል፦ ምድጃው አሙቆታል፣ መስታወቱ ብርሃን አስገብቷል፣ ዕቃው በጎደለ ቁጥር ደግሞ በውስጡ የሚቀረው አየር በዝቷል። መቁላት ብልሽቱን ያፋጥነዋል እንጂ አይመልሰውም። ስለዚህ ወደፊትም የሚቆሉት ለዚያ ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይሁን።

የተፈለፈለ ፒካን ፍሪጅ ውስጥ እስከ 9 ወር፣ ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 2 ዓመት ይቆያል። ከነቅርፊቱ ከሆነ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ላይ ግማሽ ዓመት ይታገሳል። የተከተፈው ብዙ ገጹ ለአየር ስለሚጋለጥ ቀድሞ ይበላሻልና ሳይከትፉ ያስቀምጡት። ክዳኑ አየር የማያስገባ መሆን አለበት፤ ፒካን የሽንኩርት ሽታ እንኳ ይስባል። ኪሎውን በ250 ግራም ከፋፍሎ፣ አየሩን ጨምቆ አውጥቶ ማሸግ ይሻላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከፍሪዘር ሲያወጡት ነው። ወዲያው ከከፈቱት የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ፍሬ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ሻጋታም ይከተላል። እንደታሸገ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ።

ሲገዙ አንዱን ይስበሩ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከታጠፈ እርጥበት አለው። ቆዳው ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላ ከሆነም ቆይቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በቀን ምን ያህል ልብላ? ያወፍራል?

መልስ፦ 28 ግራም፣ ማለትም 20 ያህል ግማሽ ፍሬ፣ ይበቃል። ይህ ወደ 195 ካሎሪ አለው፤ ከሌላው ምግብ ላይ ሲደመር ያወፍራል፣ በብስኩት ምትክ ሲበላ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንጋኒዝና መዳብ በብዛት፣ ዚንክም በመጠኑ ይሰጣል፤ ፋይበሩ 3 ግራም ገደማ ነው። ፕሮቲኑም ከዚያ አይበልጥምና ባቄላን ወይም ምስርን አይተካም። ስኳር የተቀባው ከጣፋጭ ይቆጠራል። ዋልነት የተባለው ሌላው ለውዝ መሰል የዛፍ ፍሬ የማይስማማው ሰው ግን ፒካንን ያለ ሐኪም ምክር አይቅመስ፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ አለርጂውም አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ነው።