መልስ፦ ቦይ ጠረጋ ላይ ሰው ለምን ይቀራል?

ወንድሜ፣ «መርዓዊ አካባቢ ገበሬው ለጋራ የመስኖ ቦይ ጠረጋ የማይመጣው ግንዛቤ ጎድሎት ነው?» ብለሃል። አይደለም፤ ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው። በአንድ ቦይ 60 አባወራ ይጠቀማል፣ የአንድ ቀን ጉልበት 300 ብር ያወጣል፣ የአንድ ሰው ሥራ ደግሞ ለሁሉም በድምሩ 900 ብር ይጨምራል እንበል። ለራሱ የሚደርሰው 15 ብር ብቻ ነው። ሌላው መጣም ቀረም፣ እሱ ቢቀር 285 ብር ይተርፈዋል። ሁሉም ቢወጡ ግን እያንዳንዱ 600 ብር ያተርፍ ነበር። ወንፈል ከዚህ የሚድነው የቀረው ሰው ስለሚታወቅና በእሱ ተራ ማንም ስለማይመጣለት ነው።

ስብሰባ ማብዛት ይህን አይቀይረውም። የቀረ ሰው የውኃ ተራው ወደ መጨረሻ ይገፋ። የገንዘብ ቅጣቱ በትንሹ ይጀምርና ሲደጋግም ይጨምር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት ኖቤል የተሸለመችው ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም ዘላቂ በሆኑ የመስኖ ማኅበራት ያየችውም ይህንኑ ነው። ቅጣቱ ገና ከጅምሩ ከከበደ የውኃ አባቱ (የውኃ ተራ የሚያስከብረው ሰው) በሰንበቴ አብሮት የሚቀመጠውን ጎረቤቱን መቅጣት ያፍራል፤ መተዳደሪያ ደንቡም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አስቸጋሪው የቦዩ ራስጌ ያለው ነው፤ ባይጠርግም ውኃ ይደርሰዋል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ከግርጌ ተጠቃሚዎች ይመረጥ፣ ውኃውም የሚለቀቀው ቦዩ እስከ ጫፍ መጠረጉን እሱ ካረጋገጠ በኋላ ይሁን።