ልቡ የሸፈተ ሠራተኛ፦ ጥያቄና መልስ ከእትዬ ጋር

እትዬ፦ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ሥራ ቦታ ሞራል የምትጠይቁኝን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ሥራ የጀመርኩት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆኜ ነው። ከዚያ ላይን (አንድ የስፌት መስመር) መራሁ፣ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፤ ያለፉትን 11 ዓመታት ደግሞ የሠራተኛ አስተዳደር ላይ ነኝ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ስንት ሠራተኛ እንዳለ፣ ደመወዝ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ፣ የቅርብ አለቃቸው ማን እንደሆነ። ያለዚያ የምሰጠው መልስ ግምት ነው፤ በሰው እንጀራ ላይ ደግሞ አልገምትም።

የኮምቦልቻው፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ሠራተኞቻችን ሞራላቸው ወርዷል። ምን ይሻላል?

እትዬ፦ ሦስቱን ጻፍልኝ።

ሱፐርቫይዘር ከሐዋሳ፦ እኔ ይዤ መጥቻለሁ። 42 ኦፕሬተሮች ናቸው፣ ደመወዝ በየወሩ በ30 ሳይዛነፍ ይገባል፣ የቅርብ አለቃቸው እኔ ነኝ። ግራ የገባኝ፣ ደመወዝ ከገባ በኋላ ያሉት ሦስት አራት ቀናት ከወሩ ሁሉ የከፉ ናቸው። ፊት ይጠቁራል፣ ሰላምታ ይቀራል፣ ተበላሽቶ የሚመለስ ልብስ ይበዛል። ሰው ገንዘብ ባገኘ ማግስት ለምን ያኮርፋል?

እትዬ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ቀኑን ለይተህ ማየትህ ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

የሚያኮርፉት ስሌቱ ስላልተነገራቸው ነው። አንድ ያየሁትን ልንገርህ። እጅጌ የምትገጥም ልጅ ነበረችን። ግማሹ የተቀደደ፣ በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ደብተር ጋውኗ ኪስ ውስጥ ትይዛለች፤ የሠራችውን ትርፍ ሰዓት ማታ ማታ ትጽፍበታለች። አንድ የደመወዝ ቀን ቢሮዬ ገባችና ላስቲኩን ፈትታ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «20 ሰዓት ሠርቻለሁ፣ የተከፈለኝ የ12 ነው» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ጣቷን ግን ከመጨረሻው መስመር ላይ አላነሳችም።

መዝገቡን አስመጣሁ። ስምንቱ ሰዓት ከ21 እስከ 30 ባሉት ቀናት የተሠራ ነበር። ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ ስሌቱ፣ በ20 ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ለሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ማንም አልበላባትም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ስትሠራ ይህን የነገራት አንድ ሰው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተሰረቅሁ ነው ብላ እያመነች ነው ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው! ገንዘቡን አስበው፦ የ5,200 ብር ደመወዝተኛ ብትሆን፣ በወር 208 ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 25 ብር ነው፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ 37 ብር ከ50 ይሆናል። ስምንቱ ሰዓት 300 ብር። የቤት ኪራይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ለምትጋራ ልጅ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ፔይሮል የሚዘጋበትን ቀን በትልቁ ጻፍና አሻራ የሚነሳበት ቦታ ላይ ለጥፍ። ከመዘጋቱ በፊት የትርፍ ሰዓት መዝገቡን እያንዳንዷ አይታ ትፈርም። ተመኑንም ጻፍላቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጧቱ 12 ድረስ 1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ነው። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት እንደማይፈቀድም አብረህ ጻፍ፤ እሱን የሚደብቅ አለቃ የቀረውንም ቢናገር አይታመንም። እኛ ዘንድ ይህን ከጀመርን በሦስተኛው ወር በደመወዝ ማግስት ቢሮዬ በር ላይ የሚቆመው ሰልፍ ቀረ። ይህን ሳታስተካክሉ የሞራል ስልጠና ብላችሁ ሰው አዳራሽ እንዳታጉሩ። እለምናችኋለሁ።

ሆቴል ቤት የምሠራ፦ የእኛ ማናጀር ዓርብ ዓርብ ቡና እናፍላ እያለ ነው። ይጠቅማል?

እትዬ፦ ቡናው ጥሩ ነው፣ በሥራ ሰዓት ከሆነና የሚፈላው በተራ ከሆነ። ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ላይ ከወደቀ አታድርጉት። ደመወዝና ሰርቪስ ቻርጁስ በሰዓቱ ነው? እሱን አልጻፍሽልኝም።

አንድ አባል፦ እትዬ ሁሉን ነገር ወደ ገንዘብ እየወሰዱት ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደመወዝ ቀንሼ አለቃው ሰው ወደሆነበት ቦታ የሄድኩ ሰው ነኝ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ፍትፍቱ ሲኖር ነው ፊቱ የሚታየው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ከተከፈተ በኋላ በነበሩት ዓመታት የኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 750 ብር አካባቢ ነበር። ልጆቹ ለአንድ ክፍል አራት ሆነው ነው ያድሩ የነበሩት። በየወሩ ስንቱ ጥሎ ይሄድ እንደነበር የሠራንበት እናውቃለን። ማን ፈገግ ስላላለላቸው ነው የሄዱት?

አንድ አባል፦ ፈገግታ አላልኩም፣ ክብር ነው ያልኩት። አብዛኛው ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት ተይዞበት ሲሰደብ ነው ሻንጣውን ያነሳው።

ሌላ አባል፦ ስድቡን በ3,000 ብር ቢሰማው ይቆይ ነበር።

እትዬ፦ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የምትናገሩት፣ አትጣሉ። እኔ ያየሁት ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ደመወዙ ያላኖረው ሰው ይለቃል፤ የተሰደበ ሰው ግን ሳይለቅ ልቡ ይሸፍታል። ወንበሩ ላይ አለ፣ ሥራው የለም። የለቀቀውን መዝገብ ላይ ታየዋለህ፣ የሸፈተውን ማንም አይመዘግበውም። ስለ መጠኑ ክርክር ሌላ ቀን እመለሳለሁ። እኔ ዛሬ የምለው፣ ያለውም ትንሽ ደመወዝ ቢሆን ስሌቱ ይነገር ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፦ 65 ሰው፣ ደመወዝ በ28፣ የቅርብ አለቃ የክፍል ኃላፊዎች። ያረፈደ ሁሉ 50 ብር እንዲቀጣ ማናጀሩ በቃል አዟል። እኔ ነኝ የምቆርጠው። ሠራተኛው እኔን ጠምዶ ይዞኛል።

እትዬ፦ አትቁረጪ፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በጠቅላላው የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። ማናጀር ስለተናደደ አይቆረጥም። ለማርፈድ ሕጉ የራሱ መንገድ አለው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለበቂ ምክንያት ያረፈደ ሰው ያለማስጠንቀቂያ እስከመሰናበት ይደርሳል። ያን ያህል ሥልጣን በእጁ እያለ 50 ብር ምን ያደርግለታል?

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ያረፈዱትን በየሰፈራቸው ጽፈሽ እዪ። እኛ ዘንድ ካረፈዱት አብዛኞቹ የአንድ ሰርቪስ ተሳፋሪዎች ሆነው ተገኙ። ሾፌሩን አስር ደቂቃ ቀድሞ እንዲነሳ አደረግነው፣ አለቀ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም እትዬ፣ የሠራተኛን ሞራል እንዴት ማነሳሳት ይቻላል?

እትዬ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ሦስቱን ጻፍ።

የማኔጅመንት ተማሪ፦ እትዬ፣ ትምህርት ላይ የሆውቶርንን ጥናት ተምረናል። ቺካጎ አጠገብ ያለ ፋብሪካ ውስጥ መብራት ሲጨመርም ሲቀነስም ምርት ጨመረ፤ ስለዚህ ሠራተኛ የሚፈልገው ትኩረት ብቻ ነው ተብለናል። ይስማማሉ?

እትዬ፦ «ብቻ» የሚለው ላይ አልስማማም። ጥናቱ ከ1924 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቆየ ነው፤ መብራቱ መጀመሪያው ላይ ያለው ክፍል ነው። በ1927 አምስት ሴቶችን ለብቻ ክፍል አስገብተው የስልክ መሣሪያ ሲያስገጣጥሙ ያደረጉትን እይልኝ። እረፍት ጨመሩላቸው፣ አስተያየታቸውን ጠየቁ፤ ይህን ሁሉም ያስተምራል። ክፍያቸውንም ቀይረዋል። ከዚያ በፊት የምርት ክፍያቸው የሚሰላው መቶ ከሚያህል ሠራተኛ ጋር ተደምሮ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ በአምስቱ ምርት ብቻ ሆነ። እጃቸው ያፈራው ኪሳቸው ሲገባ በዓይናቸው ማየት ጀመሩ ማለት ነው። አየህ ወዴት እንደሚመለስ? ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ አንተም ስትጽፍ አንዱን ምክንያት ብቻ ይዘህ አትሩጥ።

ሌላ አባል፦ ፈረንጅ ምን ያደርግልናል፣ ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴው ካይዘን አለን አይደል።

አንድ አባል፦ ካይዘንስ የማን ሆነና? የጃፓን ነው።

እትዬ፦ ከጃፓን መጥቶ በ2002 ግድም በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከየትም ይምጣ፣ ጥቅሙን አይቻለሁ፤ አምስቱን ማዎች፣ የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎቹን፣ ሳናውቅ መቀስ ፍለጋ ብቻ ስንት ሰዓት ይባክን ነበር። ችግሩ ብዙ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ማላመድና ማዝለቅ የሚደርስ ጥቂት ነው። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ይቀባል፣ ጉብኝት ሲመጣ ይጠረጋል። የሠራተኛው ሐሳብ ግን ሳጥን ውስጥ ይቀራል። አንድ ቦታ ቁልፉ የጠፋበት የሐሳብ መስጫ ሳጥን አይቻለሁ፤ በቀዳዳው በኩል የታጠፉት ወረቀቶች አቧራ ለብሰው ይታዩ ነበር። የጻፉት ሰዎች በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ። ሳጥን ካደረጋችሁ ሰኞ ሰኞ ክፈቱት፤ ለእያንዳንዱ «ይደረጋል»፣ «አይደረግም፣ ምክንያቱም» ብላችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ያን የማትችሉ ከሆነ ሳጥኑን አንሱት።

ዋርድ ላይ የምሠራ ነርስ፦ 19 ነርሶች ነን፣ ደመወዝ በሰዓቱ ነው። ኃላፊያችን ግን በሽተኛና አስታማሚ ፊት ትቆጣናለች። ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳን አይለቀኝም።

እትዬ፦ አይዞሽ እህቴ። የሕክምናው አሠራር የእኔ ሙያ አይደለም፤ ይህ ግን ሙያ አይጠይቅም። ሰው ፊት አይቆጡም። ልጽፈው ካሰብኩት ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ለብቻዋ ሆና ስታገኚያት፣ ተራ ስትለዋወጡ ሳይሆን ቀጠሮ ይዘሽ ንገሪያት፤ ስለ ባሕርይዋ አታንሺ፣ የሆነውን ቀንና ቦታውን ብቻ ጥቀሺ። ካልሰማች ሁለት ሦስት ሆናችሁ በጽሑፍ ወደ በላይዋ።

ፓርኪንግ የምሠራ፣ ዲሲ፦ እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ አለቃውም ሐበሻ፣ ሠራተኛውም ሐበሻ ነው። ሺፍት የሚደለደለው በትውውቅ ነው።

እትዬ፦ ሕጉን እዚያ ያለ የሚያውቅ ይንገርህ። ድልድሉ አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ በሉ፤ የተለጠፈ ነገር ለአድልዎ አይመችም።

ስሜ ይቆይ፦ ትእዛዝ ቀንሶብናል። ፋብሪካው ይዘጋል እየተባለ ሰው ሥራ ትቶ ያወራል። ወሬውን እንዴት እናስቁም?

እትዬ፦ ወሬ አይቆምም፤ እውነቱን ትነግሩታላችሁ፣ ያኔ ይቀንሳል። በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምንሸጥበት ዕድል፣ ስንወጣ ያየሁትን አልረሳም። ዝም ያሉ አለቆች ዘንድ ጎበዝ ጎበዙ ነው ቀድሞ ሥራ ፈልጎ የወጣው። «እስከ መጋቢት ትእዛዝ አለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የካቲት 15 እንነግራችኋለን» ያሉት ጋ አብዛኛው ቀኑን ጠበቀ። ቀን ስጡ። ቀኑ ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ቆማችሁ ንገሩ።

አዲስ ገቢ፦ እትዬ እኔ ለማለት የፈለኩት በአጠቃላይ ነው፣ ማንኛውም ድርጅት ላይ።

እትዬ፦ በአጠቃላይ የሚባል ሠራተኛ የለም ልጄ። ሦስቱን ጻፍ።

ነገ ሱፐርቫይዘር የምሆን፦ 36 ሰው፣ ደመወዝ በ30፣ ከነገ ጀምሮ አለቃቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አብሬያቸው ምሳ የምበላ ነበርኩ። እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

እትዬ፦ እኔም በዚያ አልፌያለሁ። በሁለተኛው ሳምንቴ የቅርብ ጓደኛዬን ኮሌታ አጣምማ ስትሰፋ አገኘኋትና ከላይኑ ፊት ጮህኩባት። አለቃ መሆኔን ላሳይ ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። መቀሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ልብሱን አነሳች፣ መተርተር ጀመረች። ቀና አላለችም። ማንም ሥራ አላቆመም፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም። በቀን 480 የሚያወጣው ላይን ያን ቀን 310 አወጣ። ማታ ቁጥሩን ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

በማግስቱ ጧት ማሽን ሳይነሳ እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰው ፊት የተሰበረ ቢሮ ውስጥ አይጠገንም። ምሳሽን አብረሻቸው መብላት አታቁሚ ልጄ። ድልድል ስትሠሪ ግን ከባዱን ሥራ ሁልጊዜ ለማትቀርቢያት አትስጪ፤ ይህን 36ቱም ይቆጥሩታል።

የኮምቦልቻው፦ እትዬ፣ ቅድም የጠየቅኩት ነኝ። ለመጻፍ ከብዶኝ ነው የቆየሁት። 118 ሰው ነው። ደመወዝ በ30 መግባት ነበረበት፣ ዛሬ 9 ቀን አልፎታል። የቅርብ አለቃቸው እኔ ነኝ።

እትዬ፦ በመጻፍህ አመሰግንሃለሁ። መቼ እንደሚገባ ታውቃለህ?

የኮምቦልቻው፦ አላውቅም። ከላይ «በቅርቡ» ነው የሚሉኝ። ሠራተኛውን ላለማግኘት በጓሮ በር መግባት ጀምሬያለሁ።

እትዬ፦ ነገ በፊት ለፊቱ በር ግባ። ሥራ ሳይጀመር ሰብስባቸውና ያወቅከውን ሁሉ ንገራቸው፦ ስንት ቀን እንዳለፈ፣ ማንን እንደጠየቅክ፣ ምን እንዳሉህ። ቀኑን አላውቅም በል። «በቅርቡ» የሚለውን ቃል አንተ አትድገመው። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ መውጫ በፊት የሰማኸውን ንገር፣ አዲስ ነገር ከሌለም የለም በል። ኪራይ የደረሰበት፣ የታመመ ያለበት ካለ ስሙን ያዝና ቅድሚያ እንዲከፈለው በዚያው ቀን በጽሑፍ ጠይቅለት። ስለ ሞራሉ ገንዘቡ ከገባ በኋላ እንነጋገራለን። ነገ ማታ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።