«የማልመልሰውን ቡና መጠጣት ከበደኝ»

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምሠራ የ23 ዓመት ወጣት ስሆን፣ የትውልድ አገሬ ለጋምቦ ነው። ባለቤቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ከሄደ ወዲህ የሚደውልልኝ አልፎ አልፎ ነው፤ እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከደመወዜ ላይ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለአስቤዛ እንኳ አይበቃም። አከራዬና የግቢው ሴቶች ቡና ባፈሉ ቁጥር ይጠሩኛል፤ ነገር ግን በተራዬ አፍልቼ ልጠራቸው ስለማልችል ደክሞኛል እያልኩ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ሰሞኑን ደግሞ ራሴን አጥብቆ ያመኛል፣ ከሐሳብ ብዛት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። የሌሊት ፈረቃ ይቅርልኝ ብዬ እንዳልጠይቅ መባረርን እፈራለሁ። እናቴን እንዳላስመጣ ቤቴ ጠባብ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ከኮምቦልቻ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ራስ ምታትሽ ልናገር። ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ በተለይ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ከታከለበት፣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችልና ይህም ለእናትም ለልጅም አደገኛ ስለሆነ፣ በሐሳብ አሳብቦ መተው አይገባም። ይህን መልስ እንዳነበብሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ፣ ሽንትሽንም ተመርመሪ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነጻ ስለሚሰጥ ገንዘብ አያስቀርሽ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ለምርመራ የምትሄጂበት ጊዜም፣ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍትም ከነደመወዝ ይሰጥሻል። ከጤና ጣቢያው ማስረጃ ይዘሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ስታመለክቺም የምታምኛት የሥራ ባልደረባ አብራሽ ትግባ። የሚገባሽን መጠየቅ ልመና አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የዘጋሽው በር ነው። በወሎ የከበደች ሴት ለብቻዋ አትተውም፤ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ቡና አፍልተው ዱዓ ያደርጉላታል፣ ምጥ በያዛት ጊዜም ማርያምን የምትጠራው ጎረቤት አጠገቧ ትቆማለች። ዛሬ ቡና የምትቀዳልሽ ሴት እርሷም በእርግዝናዋና በአራስነቷ ጊዜ ሌሎች ደግፈዋት ያለፈች ናት፤ የተደረገላትን የምትመልሰው ለአንቺ ነው፣ አንቺም ነገ ከአንቺ በኋላ ለምትመጣው ትመልሻለሽ። እንዲህ ያለው ውለታ ሲኒ በሲኒ አይቆጠርም። ባዶ እጅሽን መሄድ ከከበደሽ ቁጭ ብለሽ ቡናውን ቁዪ፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜም ጭንቀትሽን በስሙ ጠርተሽ ንገሪያቸው። «ምጥ ሲመጣብኝ ማን አብሮኝ ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቂ፤ በምጥ ጊዜ ሳትለያት የምትደግፋት ሰው ያለቻት ሴት ምጧ እንደሚያጥርና በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏም እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። በሌሊት ማን መኪና እንደሚጠራልሽም ከወዲሁ ተነጋገሩ።

እናትሽን የቤትሽ ጥበት አያስቀራት። ዘጠነኛ ወርሽ ሳይገባ እንድትመጣ ከአሁኑ መልእክት ላኪላት፤ ስለ ማደሪያዋም አከራይሽን አማክሪያቸው፤ በየቀኑ ቡና የሚጠሩሽ ሴት ለእናትሽ መኝታ ይነፍጋሉ ብዬ አላምንም።