ስለ ችፌ ጠይቃችሁኝ ነበር

ስለ ችፌ፣ ብዙዎች ኤግዚማ ስለሚሉት የቆዳ ሕመም፣ ጥያቄ በዝቶልኛል። ደጋግማችሁ ያነሳችኋቸውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ደሜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም። ታዲያ ችፌ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ችፌን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪም የሚለየው ቆዳህን አይቶና ጠይቆህ ነው። ዋናው ምልክት ማሳከክ ነው። ካላሳከከህ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ቦታውም ይጠቁማል። ሕፃናትን ጉንጫቸው ላይ፣ ከፍ ያሉትን ክርናቸው በሚታጠፍበትና ከጉልበታቸው ኋላ ይይዛቸዋል። አዋቂ ላይ እጅና የዓይን ቆብ ላይ ይበዛል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል፤ አንዳንዴም ጥቃቅን ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። ቀይ ቆዳ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሳያየው ያልፋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሁላችንንም እያሳከከን ነው። ተጋባብን?

መልስ፦ ችፌ አይጋባም። ሌሊት የሚብስባችሁና በጣቶቻችሁ መካከል ከሆነ እከክ እንዳይሆን ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ታዩ።

ጥያቄ፦ ለልጄ የስቴሮይድ ክሬም ታዘዘላት። ቆዳ ያሳሳል ሲሉኝ ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትሽ አይገርምም፤ ግን ስቴሮይድ፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርደው መድኃኒት፣ ሁሉም አንድ አይደለም። ክሎቤታሶል በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ለልጅ ፊት አይሆንም። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ግን ቀላሉ ነው። ቆዳ የሚሳሳው በአብዛኛው ኃይለኛውን ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ነው። የታዘዘላት የትኛው እንደሆነና ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቂ። መጠኑን በጣትሽ ለኪ፦ ከአመልካች ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። እናቶች በፍርሃት ለምልክት ያህል ብቻ ቀብተው ልጅ ሌሊቱን ስታክ ስታድር አንጀቴን ይበላኛል።

ጥያቄ፦ ሲሻለኝ ሁሉንም አቆማለሁ፣ ከዚያ ይመለሳል።

መልስ፦ ስቴሮይዱን ሐኪም ባለህ ጊዜ አቁም። ቆዳህን የሚያለሰልሰውን ቅባት ግን አትተው፤ የቆዳህ መከላከያ ደካማ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጠብና ቆዳህ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀባ። ሽቶ ያለበትን ሳሙናና ቅባት ራቅ።

ጥያቄ፦ የስቴሮይድ ክሬሙን ስቀባ ሽፍታው ክብ እየሆነ ሰፋ።

መልስ፦ ጭርት ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ ጭርትን ያባብሳል፤ ሐኪም ዘንድ ታይ።

ጥያቄ፦ አስቸኳይ የሚሆነው መቼ ነው?

መልስ፦ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ ወይም መግል ከያዘ ኢንፌክሽን ገብቶበት ይሆናል፤ ታከም። ትኩሳት ኖሮ የሚያሙ፣ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች ባንዴ ከተስፋፉ ግን ሄርፒስ የሚባለው የቫይረስ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ።