ያባረራችኋት ልጅ

ሰላም እህቴ፣

ትዕግስቴ አልቋል። ኦንላይን ጌም የምጫወተው ሂለር ሆኜ ነው። ሥራዬ የቡድኑን ሕይወት መሙላት ስለሆነ ማን ምን እንዳጠፋ ከሁሉም በፊት የማየው እኔ ነኝ፣ የማየው ነገር ደግሞ ያቃጥላል። አዲሶቹ ምንም ሳያነቡ ዘው ብለው ይገባሉ። መሬቱ ላይ የአደጋ ምልክት የሆነውን ቀይ ክብ እያዩ እዚያው ላይ ይቆማሉ። የማይሆናቸውን ዕቃ "ያስፈልገኛል" ብለው ይወስዳሉ። ሲሞቱ ደግሞ "ሂለሩ የት አለ?" ይላሉ።

ባለፈው የገባነው ዳንጀን (ቡድን ሆነን ጭራቅ የምንዋጋበት ቦታ) የባሰ ነበር። አምስት ነን፣ ታንክ የሆነችው፣ ማለትም ከፊት ገብታ የጭራቆቹን ምት የምትቀበለው ልጅ አዲስ ናት። መጀመሪያ ላይ ቻት ላይ "የመጀመሪያዬ ነው፣ የማላውቀው ካለ ንገሩኝ" ብላ ጽፋ ነበር መሰለኝ፤ ሁሉም ቸኩሎ ስለነበር የመለሰላት የለም። ከዚያ ሦስት ቡድን ጭራቅ ባንዴ ጎትታ መጣች፣ ሁላችንም አለቅን። አንዱ "ትባረር" ብሎ ድምፅ አስጠየቀ፣ እኔም ደገፍኩ። ሌላ ታንክ ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ሁለቱ ሰልችቷቸው ወጡ። ምሽቱ በዚያው ተበላሸ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አብረውኝ የጀመሩ ጓደኞች ነበሩኝ፣ ሳንነጋገር እንግባባ ነበር። አንዱ ሥራ በዛበት፣ አንዷ ወለደች፣ ሌላው ዝም ብሎ ጠፋ። አሁን ስገባ ከጓደኞቼ ዝርዝር ኦንላይን ያለ ሰው አላገኝም። ልጠይቅሽ የፈለግኩት፣ ጨዋታውን ልተወው ይሆን?

የተማረረው ሂለር

ወንድሜ፣

አትተወው። በልጅቷ ጉዳይ ግን ተናድጄብሃለሁ።

"ጽፋ ነበር መሰለኝ" ብለህ አለፍካት። አዲስ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ሳይጀመር አለማወቋን ተናገረች፣ ንገሩኝ አለች። አራት ሰው ዘጋት፣ ከዚያ ባልነገራችኋት ነገር ቀጣችኋት።

ታንክ ደግሞ ሰው የሚሸሸው ሥራ ነው። ከፊት የሚገባው እሱ ነው፣ ሲሳሳት ሁሉም ያየዋል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሰው ላነሰበት ሚና ተጨማሪ ሽልማት ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ታንክ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ዳንጀኑን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ቡድኑ ውስጥ ካለ ጨዋታው ራሱ ያሳውቃል፣ ስትጨርሱ ለሌሎቻችሁ ጉርሻ ይጨምራል። ሠሪዎቹ አዲስ ሰው ከሌለ ጨዋታው እንደማይቀጥል ገብቷቸዋል። እናንተ ያለ ምንም ሽልማት ፈቅዳ የመጣችውን ታንክ አባራችሁ፣ ታንክ ጠፋ ብላችሁ ተቀመጣችሁ።

ከማንም በፊት የማየው እኔ ነኝ ብለሃል። እንግዲያው መናገርም ያንተ ነው። ሦስተኛውን ቡድን ልትጎትት ስትሄድ "ቆይ፣ ማናዬ (ሂል የማደርግበት ኃይል) ይሙላ" ማለት ስንት ሰከንድ ይወስዳል? ቦስ (ትልቁ ጭራቅ) ጋ ስትደርሱ ዝርዝሩን ሁሉ አትዘርግፍባት፣ የሚገድለውን አንዱን ነገር ብቻ ንገራት፦ "ወደ እኛ አታዙሪው፣ ፊቱ የቆመውን ያቃጥላል።" ከተሳሳተችም በግል ጻፍላት፣ በሰው ፊት መታረም ያሳፍራል። የዕቃውም ነገር ያው ነው፤ ብዙዎቹ ለማን እንደሚሆን ስለማያውቁ ነው የሚወስዱት፣ በጨዋ ደንብ ስትጠይቃቸው ይሰጡሃል።

የሚሳደብ ወይም ቆሞ የሌላውን ድካም የሚበላ ካለ ይባረር፣ እኔም ድምፄን እሰጣለሁ። አለማወቅ ግን አያስባርርም። ከቸኮልክ የዚያን ቀን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አትግባ።

ጓደኞችህ ናፍቀውሃል፣ ይገባኛል፣ ያማል። ግን ሳትነጋገሩ የተግባባችሁት አብራችሁ ብዙ ከሞታችሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማንም ማንንም አላባረረም። አሁን ዝርዝርህ ባዶ ከሆነ፣ የሚሞሉት አንተን የሚያናድዱህ እነዚሁ አዲሶቹ ናቸው፣ ሌላ ከየት ይመጣሉ?

የልጅቷን ስም ካገኘኸው ዛሬውኑ ጻፍላት። "ያን ቀን ዝም ብለንሽ ነበር፣ ታንክ ከሆንሽ ሂል አደርግልሻለሁ" በላት። ላትመልስልህ ትችላለች፣ መብቷ ነው። ካልመለሰች ቀጥሎ በሚገጥምህ አዲስ ታንክ ጀምር።