"ሰበር እኮ እንዲህ ብሏል" ለምትሉኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? ደሴ ላይ በጥብቅና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጉዳይ ብዙም አልይዝም። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ የሰበር ውሳኔዎችን አነባለሁ፤ ሰበር ማለት በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ነው። ወጣት ጠበቆች ቢሮዬ ሲመጡ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። "ጋሼ፣ ሰበር እኮ እንዲህ ብሏል" ይሉኛል። "አንብበኸዋል?" ስለው፣ "ሰው ነግሮኝ ነው።"

ነገሩ ቀላል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከወጣ ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። አዲስ አበባ የተባለው እኛ ወሎ፣ ተንታና ወረባቦም ይደርሳል። በወሬ ሲደርስ ግን ተቆራርጦ ነው።

በ2000 በመዝገብ ቁጥር 23632 የተወሰነውን አንብቡት። ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ናት። እናቱ ስትሞት አባት "ልጄን ስጡኝ" ብሎ ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ሻረው። ሰው የሚያወራው ይህንኑ ብቻ ነው፤ "አክስት ከአባት ትበልጣለች ተባለ" ይላል። እንደዚያ አልተባለም! ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36(2) እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ይዞ ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ነገ ሌላ ልጅ በሌላ ቤት ሲመጣ መልሱ አባት ጋ ሊሆን ይችላል። ይህን የምታገኙት "ውሳኔ" ከሚለው ርዕስ ሥር አይደለም፤ "ፍርድ" ከሚለው ሥር ባሉት ገጾች ውስጥ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት እሱን ነው።

እኛ ወሎ ላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ቀርባ "እዚህ መዳኘት አልፈልግም" ያለች ሴትን ግድ ማለት አይቻልም። ባለጉዳያችሁን መጀመሪያ ይህን ጠይቋት።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩም ስሙኝ። ያላግባብ ከተባረራችሁ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። "ቆይ እናይልሃለን" የሚል አለቃ እየጠበቃችሁ ቀኑ አይለፍባችሁ። ያሳዝናል፤ ስንቱ እንዲህ ቀርቷል።

ወደ ሰበር ልመለስ፤ የውሳኔውንም ቀን እዩ። የሕግ ትርጉም ይለወጣል፤ አሁን ባለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ከ7 ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው ይለውጡታል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ይመዝገብ ይላል። ሰበር በ1999 በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ ውል አይጸናም አለ። ወሬው እዚያው ቆመ። ኋላ ላይ ግን ሻጩ መሸጡን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን አያፈርሰውም ተባለ።

አንዲት እናት ይህን ሳይሰሙ ተስፋ ቆርጠው ነበር። "የቤት ውልሽ በሰበር ፈርሷል" ብለዋቸው። ውሉን በፌስታል ጠቅልለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ተበልቶ አራት ቦታ ሊለያይ ደርሷል። የምስክሮቹ አሻራ ግን ደህና ይታያል። "አብሽሩ እማማ፣ አልፈረሰም" አልኳቸው። ቀጠሮው ደርሶ ችሎት ገባን። ዳኛው ሻጩን፣ "ቤቱን ለእርሳቸው ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?" ብለው ጠየቁት። ሰውየው እናትየውን አየት አደረገ። ዝም አለ። ዳኛው ደገሙለት።

"ሸጬላቸዋለሁ" አለ።